አሥራ ዘጠኝ ሮዝ፣ አንዲት ቀይ

«ነቅለን እንጣላት! አቦ አትፍዘዢ፣ ቲቸር እየመጡ ነው!»

ይህን ያለችው ፕሮፌሰር ናት፤ አንደኛ መውጣት ስለማይሰለቻት የወጣላት ስም ነው። ሚጡ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ችግኝ ቤቱ ውስጥ፣ ከፊታቸው፣ ለሳይንስ ውድድር ያዳቀሏቸው ሃያ ችግኞች አብበዋል። አሥራ ዘጠኙ ሮዝ ናቸው፤ ይሄ የሚጠበቅ ነው። የዚህ አበባ ቀይና ነጭ ሲዳቀሉ አንዱ ሌላውን ጨርሶ መሸፈን ስለማይችል ልጆቻቸው መሀል ላይ ይቀራሉ፤ ሮዝ ይሆናሉ። ሃያኛዋ ግን ቲማቲም የመሰለች ቀይ! ጉድ እኮ ነው!

የጉዱን ምስጢር ሚጡ ታውቀዋለች። የነጩ ብናኝ ከመቀባቱ በፊት፣ ከቀዩ አበባ ውስጥ ብናኝ ያዘሉትን ቀጫጭን ክሮች በወረንጦ መልቀም የእሷ ድርሻ ነበር። ኳስ ሊጀመር ነው ሲባል የመጨረሻዋን አበባ ሳትነካ ሮጠች። አበባዋም ምን ገዷት፣ በራሷ ብናኝ ዘር ያዘች፤ ልጇም እንደ እናቷ ቀይ ሆነች።

መምህሯ ገብተው ቆጠሩ። ፊታቸው ተለዋወጠ። በሩ ጋ ውሃ ማጠጫ ይዘው ወደቆሙት አትክልተኛ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ዘሩን አደራ ብዬዎት አልነበር? ደባልቀውታል! በቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ ችግኝ ቤቱን ሌላ ሰው ይረከባል።»

አትክልተኛው ሚጡን አየት አደረጓት። ያን ቀን «ሩጪ፣ ሩጪ፣ ጎል ሊያመልጥሽ ነው!» ብለው የሳቁባት እሳቸው ነበሩ። ሁሉንም አይተዋል።

«እንግዲህ... እጄ ስቶ ይሆናል፣ መምህር» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

እያንዳንዷን ዘር ለይተው በየፖስታው ያስቀመጡ ሰው! ፕሮፌሰር ሚጡን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«ዝም በይ፤ ውድድሩ ሊቀርብን ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ቲቸር፣ ጋሼ አልተሳሳቱም» አለች ሚጡ። «አንዷን አበባ ሳላጸዳ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

ፕሮፌሰር ሙከራውን በሚመዘግቡበት የጋራ ደብተራቸው ፊቷን ሸፈነች። መምህሯ አንዴ አትክልተኛውን፣ አንዴ ሚጡን አዩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ሚጡ ዞሩ። «እንዲህ ከሆነ ለውድድሩ እንደማላሳልፋችሁ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሚጡ ደብተሩን ከፕሮፌሰር ፊት ላይ ቀስ ብላ ወሰደችና፣ ከሃያኛዋ ችግኝ ቁጥር አጠገብ የሆነውን እንዳለ መጻፍ ጀመረች።