ያልደረቀው ጉንጭ

ዳኛቸውን ያወቅሁት በተልባ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ኑግና ተልባ እየጨመቅሁ ዘይት እሸጣለሁ። አንድ ቀን መጣና ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየው።

«እታለም፣ ከዚህ የጠራ ይጨምቁልኛል?»

«ለወጥ ነው?»

«ለሥዕል።»

ሳቅሁበት። ሳቄን ቆሞ አየው፤ ማየቱ ረዘመ።

በማግሥቱ የሣለውን ይዞ መጣ። ጥጥ የምትፈትል ሴት ናት፤ እንዝርቷ የሚሾር ይመስላል።

«ይህችንማ እኔም እሠራታለሁ» አልሁ። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፤ ካልሁ ግን አልሁ ነው።

«እንግዲያው እሷኑ እያየሽ ሥሪ» አለ፤ አንቱታውን ያን ጊዜ ተወው። «መጀመሪያ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኚ። ዘይት የሚበዛው በላይኛው ቅብ ነው፤ ሲበዛ ግን አይደርቅልሽም።»

በሱቄ ጓዳ ሠራን። ሲመጣ ሁልጊዜ መስኮቱን ይዘጋል፤ ብርድ የማይችል መስሎኝ። ጥጡም እጇም ወጣልኝ፤ ጉንጯ እምቢ አለ።

«ጉንጭ መስመር የለውም። ጥላውን ወደ ብርሃኑ ሳብ አድርጊው» ብሎ እጄን ያዘ። ጉንጯ ወጣ፤ እጄን ግን አልለቀቀም። ሁለታችንም ሥዕሉን እንደማየት አልን።

ጎረቤቴ ሙኒራ ከጨርቅ ሱቋ ሆና፣ «ፈንቲ! ያ ሰውዬ ዛሬም ዘይት አለቀበት?» ትለኛለች።

በነሐሴ ልጁ ሠናይት ከደሴ ደወለች፤ መውለጃዋ ደርሷል፣ እናቷ ሞታለች፣ ባሏም የለም።

«ሥዕልሽ ሲደርቅ እሄዳለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጧት ጧት፣ ሳይመጣ፣ የሥዕሏን ጉንጭ የተልባ ዘይት እቀባ ጀመር።

«ምነው ይህ ጉንጭ?» ይላል በጣቱ ነካ አድርጎ።

«የደብረ ታቦር ብርድ ነው።»

መስኮቱን ይዘጋል።

የሠናይት ምጥ መጣና ተደወለ። ሻንጣውን ይዞ በሬ ላይ ቆመ።

«ፈንታነሽ፣ ዘይቱን አውቄዋለሁ።»

መሬቱን አየሁ።

«እኔም መስኮቱን የምዘጋው ለብርድ አልነበረም፤ አየር ካገኘ ቶሎ ይደርቃል።»

አትሂድ እንዳልለው ልጁ እያማጠች ነው።

«ሲደርቅ ደውይልኝ፤ ቫርኒሹን መጥቼ እቀባዋለሁ። እርጥቡ ላይ ከተቀባ ይሰነጠቃል» ብሎኝ ሄደ።

ይኸው ሚያዝያ ገባ። ጥጡ ደርቋል፣ እንዝርቱ ደርቋል። ጉንጯ ላዩን ቆዳ አበጅቶ ውስጡ ቅቤ ነው። ፀሐይ ላይ አወጣታለሁ፣ ዝናብ ሲመጣ አስገባታለሁ።

«ደርቋል በይና ጥሪው እንጂ፣ አንቺ ደረቅ!» ትላለች ሙኒራ።

«አንዴ በዘይት ዋሽቼዋለሁ፤ ይበቃል።»

ትናንት እሱ ራሱ ደወለ። ሠናይት ሥራ ገብታ ሕፃኑን የያዘው እሱ ነው፤ የሕፃኑ ለቅሶ ይሰማኛል።

«ደረቀ ወይ?»

«አልደረቀም።»

ሕፃኑን እሹሩሩ አለው። ስልኩን ግን አልዘጋውም፤ እኔም አልዘጋሁት።

ዛሬም ሲመሽ ሥዕሏን አስገባኋት። አውራ ጣቴን ቀስ አድርጌ ጉንጯ ላይ አሳረፍሁ።

ሰረጎደ።