ገላ ላይ የማይሰማ ቀሚስ

«እስቲ እጅሽን ከፍ አርጊ» አለ ጋሽ ሰጠኝ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ።

አምሳለ እጇን አነሳች። ቀሚሱ በጭንቅላቷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ጥርሷን ነከሰች። ደረቱ ላይ ያለው ጥልፍ ከፊት ሲያዩት አረንጓዴና ወርቃማ ሐረግ ነው፤ ከውስጥ ግን የክሩ ቋጠሮ ሁሉ ቆዳዋ ላይ ተደርድሯል። ቀበቶው ደግሞ ገና አልታሰረም። ጋሽ ሰጠኝ ወገቧ ላይ አዙሮት ጠበቅ ላድርገው ወይ ሲል፣ መስታወቱ ፊት የሚጋፉት ጓደኞቿ ቀድመዋት ጠበቅ፣ ጠበቅ አሉለት።

«ቀሽት ነው» አለች ዮርዳኖስ። የቡድኑ ከበሮ መቺ እሷ ናት፤ የቀሚሱን ሞዴል ከስልኳ ላይ የመረጠችውም እሷው። «አንቺስ አምሳለ፣ ተመቸሽ?»

«ያምራል» አለች አምሳለ። አልዋሸችም፣ በእርግጥ ያምራል። የተጠየቀችው ግን እሱን አልነበረም።

የልጃገረዶቹ በዓል ሻደይ ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። በዚህ ሰሞን ሰቆጣ ውስጥ የልጃገረዶች ወሬ ሌላ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር ይጨፍራል፣ የማን ቡድን ምን ይለብሳል የሚል ብቻ ነው። በነሐሴ አጋማሽ ልጃገረዶቹ ለምለሙን የሻደይ ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከደጅ ደጅ እየዘፈኑ ሲዞሩ ከተማው ሌላ ከተማ ይሆናል። አምሳለ አምና ቤት ቀርታ ከበሮውን በመስኮት ሰምታዋለች፤ ማልቀሷን ያየ የለም። ዘንድሮ ደግሞ ልጆቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሰዋል፤ አንዷ ወልድያ፣ አንዷ ባሕር ዳር፣ አንዷ ዓረብ አገር ይበታተናሉ። አሁን ካልጨፈረች ከእነሱ ጋር መቼም አትጨፍርም።

ሕመሟ ስም አለው፤ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ደሟ ተመርምሮ ደህና፣ ራጅ ተነስታ ደህና ከተባለች በኋላ ነው አንድ ሐኪም ስሙን የነገራት። ሰውነቷ ሕመምን የሚያዳምጠው ድምፁን በጣም ከፍ አድርጎ እንደሆነ አስረዳት። ለሌላው ሰው መነካት የሆነው ነገር ለእሷ መመታት ይሆንባታል። አንዳንድ ቀን ሌሊቱን ድንጋይ ስትሸከም ያደረች ያህል ደክሟት ትነሳለች። ላያት ሰው ግን ምንም የላትም። እናቷ የሻሽወርቅ ያንን ረጅም ስም አጥንታ ጥርት አድርጋ መጥራት ትችላለች፤ ለጎረቤት ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ልጄ ስም ይወጣባታል፣ በሽተኛ ከተባለች ማን ይፍቅላታል ብላ ትፈራለች።

ነገሩን ያከፋው ደግሞ አምሳለ ልብስ ወዳድ መሆኗ ነው። የትኛው ቀለም ከየትኛው እንደሚስማማ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ የምትመርጠው እሷ ናት። ራሷ ግን ዓመቱን ሙሉ የወንድሟን የጓንጉልን ሰፋፊ ቲሸርት ለብሳ ከርማለች። ሰው ልጅቷ ራሷን ጣለች ይላል። መስታወት ፊት ስትቆም እሷም ሰዎቹ እውነታቸውን ነው እንዴ የምትልበት ቀን ነበር።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበርና እናቷን ተከትላ ወጣች። እናቷ ያንን ቀሚስ ትተሽ በሹራብ ውጪ፣ ካልሆነም ይቅርብሽ ብላታለች፤ አምሳለ ሁለቱንም አልፈለገችም። የባህል ልብስ ተራ ሲደርሱ ባሏ ሸማኔ የሆነው እትዬ ውባንቺ ዘንድ ቆመች። አምሳለ ጨርቅ የምትመርጥበት የራሷ ዘዴ አላት። ዓይኗን ትጨፍንና የእጇን አንጓ በውስጥ በኩል ጨርቁ ላይ ቀስ አድርጋ ታስኬዳለች፤ እዚያ ጋ ያለው ቆዳ አይዋሻትም። አንዱ ይቧጥጣል፣ አንዱ ይከብዳል፣ ሌላው የሚያብረቀርቀው ያቃጥላል። እትዬ ውባንቺ ልጅቷ ዓይነ ስውር መስላት ለእናትየው ከልቧ አዘነችላት።

ከዚያ አምሳለ አንዱ ጨርቅ ላይ ስትደርስ የሚሰማት ነገር ጠፋ። ጨርቁ ያለቀ መስሏት ዓይኗን ገለጠች። እጇ ግን መሃሉ ላይ ነው።

«እማ፣ አይሰማኝም» አለች ቀስ ብላ።

እናቷ ክው አለች። «ምኑ ነው የማይሰማሽ? እጅሽ?»

«ጨርቁ። ጨርቁ አይሰማኝም።»

የሻሽወርቅ የራሷን እጅ በጨርቁ ላይ አሳረፈች። ከዚያ የልጇን ፊት አየች፤ ያ ሁልጊዜ ጨምደድ የሚለው ግንባር ተፈቶ ነበር። እትዬ ውባንቺ ድሩንም ማጉንም ራሷ እንደፈተለችው፣ እንዳይሻክር ብላ ክሩን ከሁሉም አቅጥና እንዳወጣችው ነገረቻቸው። ሰው ጨርቅን እንዲታይ ይገዛል፤ አምሳለ ግን እዚያ ገበያ መሃል፣ በፍየልና በሰው ጩኸት መካከል፣ አልሰማ ያላትን ጨርቅ ጉንጯ ላይ አድርጋ በመገረም ቆማ ቀረች። ያን ያህል ለስላሳ ነገር በዚህ ዓለም መኖሩ ደነቃት። የሰው እጅ እንደሠራው ስታስብማ የበለጠ ደነቃት።

ጨርቁን ገዝታ ወስዳለት የፈለገችውን ስትነግረው ጋሽ ሰጠኝ ሳቀባት። ከትከሻ ወርዶ ሰውነት ላይ ሳይጣበቅ የሚንሳፈፍ፣ ቀበቶ የሌለው፣ ጥልፉ ቆዳ ከማይነካበት ከታች ከጠርዙ ላይ የሆነ ቀሚስ ነው ያለችው። ይህስ ይሁን። ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ እንዲገለበጥ መፈለጓን ግን ሊቀበላት አልቻለም። «ሰጠኝ ሰክሮ ሰፋው ልታስብይኝ ነው?» አላት። እሷ ግን በወረቀት ላይ ሥላ አሳየችው፤ በወጣው ስፌት ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ከላይ እስከ ታች ይለበዳል። ጋሽ ሰጠኝ ሥዕሉን አዘቅዝቆም አቅንቶም አየው። ከዚያ መነጽሩን አደረገ፤ መነጽሩን ካደረገ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

ቀሚሱ ሲደርስ ቤቷ ገብታ ለበሰችው። አንድ ጊዜ ዞረች፣ ደገመች። አረንጓዴዎቹ መስመሮች አብረዋት ዞሩ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ሐረግ ከእግሯ ሥር ተከተላት፣ ገላዋ ግን ዝም አለ። እናቷ በር ላይ ቆማ ታያት ነበር። በመጨረሻ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ጠረገችና ስለ ጓደኞቿ አነሳች፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰው አንቺ ብቻ ስትለዪ ምን ትያለሽ አለቻት። መልሱንም ራሷ አዘጋጅታላት ነበር፤ ጋሽ ሰጠኝ ያኛውን አበላሸው በያቸው። ጋሽ ሰጠኝም ሲሰማ በደስታ ተስማምቷል፤ በእኔ አሳብቢው፣ ስንቱን ችዬ የለ ብሏታል።

የሻደይ ዕለት ጠዋት አምሳለ በነጠላ ተከናንባ ዮርዳኖስ ቤት ደረሰች። ልጆቹ ተኩለው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ተመሳስለው ቆመዋል። ነጠላዋን ስታወልቅ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«ሙድ እየያዝሽብን ነው?» አለች ዮርዳኖስ። «ሁላችንም አንድ ዓይነት እንሁን ብለን እኮ ነው የተስማማነው። ያኛውስ የት ሄደ?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር፣ አጭርና ቀላል። ጋሽ ሰጠኝ አበላሸው ብትል ሁሉም በጋሽ ሰጠኝ ይናደዳሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እናቷ የፈራችው ስምም አይወጣባትም። አምሳለ ግን እነዚህን ልጆች ከሻደይ በኋላ እንደማታገኛቸው አሰበች፤ ሳያውቋት ሊበታተኑ ነው።

«ያኛው ያመኛል» አለች። «ልብስ ያመኛል። ሲያቅፉኝም ያመኛል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ፋይብሮማያልጂያ ይባላል።»

ምሕረት የምትባለው ልጅ ቁርጥማት የአሮጊት አይደል እንዴ ብላ ልትስቅ ጀምራ አብሯት የሚስቅ አጥታ ተወችው። ዮርዳኖስ አምሳለን ትኩር ብላ አየቻት።

«ለዚህ ነው ሳቅፍሽ የምትሸሺው?» አለች። «እኔ እኮ የምትጠይኝ ነበር የሚመስለኝ።»

አምሳለ እንዳልጠላቻት ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ዮርዳኖስ ጠጋ ብላ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቷ ያዘች። በአረንጓዴው ጥለት ሥር የተገለበጠውን ስፌት አገኘችው፣ ለምን እንደተገለበጠም ሳይነገራት ገባት። ከዚያ ጤዛ ያልለቀቀውን ሻደይ ከመሬት አንስታ ፊቷ ተንበረከከች። በልማዱ እያንዳንዷ የጓደኛዋን ወገብ ታስራለች። ዮርዳኖስ ግን ሻደዩን ይዛ ቆየችና ቀና አለች።

«የት ነው የማያምሽ?»

አምሳለን ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ እናቷም የት ያምሻል ብለው ጠይቀዋታል፤ እሱን በቃሏ ታውቀዋለች። የማያማትን የጠየቃት ግን እስከ ዛሬ አልነበረም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። ዓይኗን ጨፍና ሰውነቷን ቀስ ብላ ዞረችው። ዳሌዋን አለፈች፣ ጀርባዋን አለፈች፣ አንገቷ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አንድ ጸጥ ያለ ቦታ አገኘች፣ እዚያ መኖሩም አስገረማት።

«ግራ ትከሻዬ» አለች።

ሻደዩን ከትከሻዋ ላይ አንጠለጠሉላት፤ ረዝሞ በነጩ ቀሚስ ላይ እስከ ጉልበቷ ወረደ። ምሕረት ሰው ምን ይላል ስትል ሁሉም አምሳለን በአድናቆት እያዩ ነበር።

ውጭ ሲወጡ ዝናቡ አባርቷል። ከየሰፈሩ ልጃገረዶች እየወጡ መንገዱን ሞልተውታል፣ ከበሮው ከአራቱም አቅጣጫ ይመታል፣ ተራሮቹ ከከተማው በላይ አረንጓዴ ሆነው ቆመዋል። አምሳለ አምና በመስኮት የሰማችው ነገር ይህን ያህል ግዙፍ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ የሚሄድበት ነገር ውስጥ እሷም አለችበት።

ዳገቱ መሃል ሲደርሱ ጉልበቷን ያማት ጀመር። ቀድሞ ቢሆን ችላ ትወጣውና ከዚያ ቀናት ተኝታ ትከፍለው ነበር። ሁለት እርምጃ ፈጠን ብላ ዮርዳኖስ ላይ ደረሰችባትና መዳፏን ከበሮው ላይ አሳረፈች። ምቱ ቆመ፣ ልጆቹ ሁሉ ዞሩ።

«ትንሽ ልቀመጥ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆቹ ዙሪያዋን ሲከቧትም ዘፈኑን ራሷ አወጣችላቸው።