ኦኬ ከመጫኑ በፊት

«ኧረ ይሄ ነገር ሊፈነዳ ነው እንዴ?» አለች ርሆቦት፣ ጆሮዋን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግታ።

«ዝም በይ፣ አርጅቶ ነው» አላት ጥዑመ ልሳን።

እውነትም አርጅቷል። ከሞተው ኮምፒውተር ሆድ ወጥቶ አዲሱ ውስጥ የተገጠመው ሃርድ ዲስክ ሲሽከረከር፣ ዓባይን ተሻግሮ ዘንዘልማ ድረስ የሚሰማ ወፍጮ ነበር የሚመስለው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ቢሮ ደግሞ ከባጃጅ ብዙም አይሰፋም፤ በመስኮቱ ደንገሉና ጣና ይታያሉ። አዲሱ ኮምፒውተር ብዙ ስለማይዝ፣ አሮጌው ዲስክ ፎርማት ተደርጎ የክብረ በዓል ቪዲዮ ማስቀመጫ ሊሆን ነው። ያለበትን ወደ አዲሱ መገልበጥ፣ ከዚያ ማጥፋት የጥዑመ ልሳን ሥራ ነው።

ጥዑመ ልሳን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በአሥራ አንድ ዓመቱ የኅዳር ሚካኤልን መዝሙር ሲመራ የጣና ጉማሬዎች ከውኃ ወጥተው ቆመው ሰምተውታል። ጀልባዎች ሞተር አጥፍተዋል። ከአንበሳሜ ለገበያ የመጡ እናቶች ዶሯቸውን ረስተው ሄደዋል። ዘንድሮ ግን ድምፁ ጎረነነ። የመዝሙር ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ገብረ ሕይወት ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ «ለጊዜው ኮምፒውተሩን ያዝልን፣ ልጄ» አሉት። አላለቀሰም። አልተናደደም። ቤቱ ሄዶ ምሳውን በላ፣ የቤት ሥራውን ሠራ፣ ተኛ። ከዚያ ወዲህ መዝሙር ሲጀመር አፉን ከፍቶ አያውቅም።

የእሱን ቦታ የወሰደችው ርሆቦት ናት።

«አንተ የዘመርህበትን ቅጂ ገለበጥኸው አይደል?» አለችው። «ጋሽ ገብረ ሕይወት ከእሱ አጥኚ ብለውኛል። መዝሙሩ የእኛው ድርሰት ስለሆነ ሌላ ቦታ የለም። ዩቲዩብ ላይ ስፈልግ ዐይኔ ሊጠፋ ነበር!»

«ሁሉንም ገልብጫለሁ።»

ውሸቱን ነው። ቅጂው ያለበትን ፎልደር ትቶታል። እጁ አልፎት ሄደ፣ እሱም አልመለሰውም።

ማስጠንቀቂያው ብቅ አለ፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ኦኬ ወይም ካንስል። ጣቱን ማውዙ ላይ አሳረፈ። ከጠፋ ይጥፋ፣ አለ በሆዱ።

«እኔማ ባጃጅ ውስጥም እለማመዳለሁ» አለች ርሆቦት። «ሹፌሩ ‹ወይ ውረጂ ወይ ዝም በይ› አለኝ እኮ! እስኪ ስማኝ።» ጀመረች። ከፍ የሚለው ቦታ ስትደርስ መሃል ላይ ትንፋሽ ወሰደች።

«እዚያ ጋ አትተንፍሺ።»

«አንተ ራስህ ትተነፍሳለህ! ባለፈው ጋሽ ገብረ ሕይወት ቅጂውን እዚሁ ሲያሰሙን ሰምቻለሁ።»

«ተሳስቼ ነው። ፈርቼ ትንፋሽ አጠረኝ።»

«አንተ? ፈርተህ? ሙድ አትያዝብኝ!»

«እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ርሆቦት ጎንበስ ብላ የራሷን እግር አየች። «የእኔም ይንቀጠቀጣል» አለች። «የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ጥዑመ ልሳን ካንስልን ተጫነ። የተወውን ፎልደር ፈልጎ መገልበጥ ጀመረ። አረንጓዴው መስመር እንደ ደንገል ታንኳ ተንፏቀቀ።

«ጨርሻለሁ አላልህም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«ጉድ! ለጋሽ ገብረ ሕይወት ነው የምነግርብህ።»

«ንገሪያቸው።»

ከወንበሯ ግን አልተነሣችም። መስመሩ ሞላ። ጥዑመ ልሳን የተገለበጠውን ከፍቶ መኖሩን አረጋገጠ፤ ድምፁን ሳያሰማ ዘጋው። ከዚያ ፎርማት አለ፤ ኦኬ። ወፍጮው አንዴ አጓራና ዲስኩ ባዶ ሆነ። እሱ አሁንም ምንም አልተሰማውም።

«ታዲያ ቅጂው ከተሳሳተ ሳይተነፍሱ እንዴት እንደሚዘመር ማን ያሳየኛል?»

ውጭ መዘምራኑ እየተሰበሰቡ ነው። ጥዑመ ልሳን መስኮቱን ሊዘጋ ተነሣ። እጁን መስኮቱ ላይ አደረገ፤ ከዚያ ክፍቱን ተወው።

«ከሳቅሽ አበቃልሽ» አላት፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።