ጥቁሩ ወይስ ባለሥዕሉ

«በጎንደር፣ ከቁስቋም እስከ አዘዞ ቢታሰስ፣ ኮምፒዩተርን እንደኔ የምታዝ ሴት ልጅ አትገኝም!» አለች ታየች፣ የደብተር ቦርሳዋን በአንድ ትከሻዋ እያንጠለጠለች።

«ካንቺ ሌላማ ማን ኮምፒዩተር አይቶ ያውቃል?» አላት ታላቅ ወንድሟ ቢያዝን። «ለማንኛውም ዛሬ አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።»

ታየች የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ቢያዝን ወደሚሠራበት የእርሻ መሥሪያ ቤት ጎራ እያለች ነው ኮምፒዩተር የለመደችው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በእርዳታ ሲመጡ፣ አዲስ አበባ ተልኮ የሠለጠነው እሱ ብቻ ነበር። የአንደኛው ሲስተም ዶስ ይባላል። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ትእዛዙን በቃሉ የማያውቅ ሰው ከፊቱ ከተቀመጠ እንደ ድንጋይ ዝም ይለዋል። ሁለተኛው ባለሥዕል ነው። ማውሷን ጠረጴዛ ላይ ገፋ አድርጎ፣ ከሥዕሉ ላይ ሲደርሱ ቀጭ ማድረግ ነው፤ በቃ። አሁን ታዲያ ከበላይ አካል ትእዛዝ መጥቷል፤ አንዱን ሲስተም ምረጡ፣ ሌላውን መልሱ የሚል።

ቢያዝን የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። ከእሱ በቀር ማንም ቁልፉን አይይዝም። ዓምና ማዳበሪያ ዝናብ መታው ተብሎ የመጋዘኑ ጠባቂ በአሻጥር ተከሶ ከታሰረ ወዲህ፣ የማንንም ንብረት ቁልፍ ደፍሮ የሚቀበል ጠፍቷል።

«ጓድ ዳኛው ከጠየቀሽ ጥቁሩ ይሻላል በይ» አላት በሩን እየከፈተ።

«ምነው? ባለሥዕሉ እኮ ሸጋ ነው!»

«በይ አልኩሽ፣ በይ።»

ቢያዝን እንዲህ ተናግሯት አያውቅም። የጎረቤታቸው ልጅ ቢሻው ባለፈው ቅዳሜ ከሲኒማ ቤት በር ላይ ታፍሶ በወታደር መኪና ከተጫነ ወዲህ፣ ቢያዝን ሳቁ ጠፍቷል፤ ሲሄድም ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ታየች ይህን አይታለች። አይታ ግን ከቁብ አልቆጠረችውም።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ ዳኛው የካኪ ኮቱን እንደቆለፈ ገባ። «እህ፣ ትንሿ ኢንጂነር! እስቲ ፍረጂን፣ የትኛውን ትወጃለሽ?»

«ጥቁሩን።»

«ለምን?»

«ስለሚከብድ።»

ጓድ ዳኛው ከት ብሎ ሳቀ። «የሚከብድ ነገርማ መች አነሰን! ነው ወይስ ያኛውን አታውቂውም?»

አታውቂውም! ታየች ፊቷ ጋለ። ቢያዝን ከጀርባዋ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሷ ግን ከአፏ አምልጧት ነበር።

«እኔ? እንኳን እኔ እርስዎም ይችሉታል!»

ወንበሩን ሳበችለት። እጁን ማውሷ ላይ አስቀመጠችለት። መጀመሪያ ቀስቷ እንደ ዝንብ ተቅበዘበዘችበት፤ ቆይቶ ገራችለት። ሻይ ተፈልቶ ሳይደርስ ጓድ ዳኛው ስሙን ጽፎ፣ አግዝፎ፣ በወረቀት አውጥቶት ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሕፃን ፈነደቀ።

«ለዚህ ነው እንዴ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚሠለጥነው?» አለ። ወዲያው ወደ ቢያዝን ዞረ፤ ሳቁም ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ከሰመ። «ቀበሌው ስለ አንተ በደወለ ቁጥር፣ ‹ያለ እሱ ማሽኑ አይንቀሳቀስም› እያልኩ ነው ከዘመቻ ያስቀረሁህ። ከእንግዲህ ግን ምን ብዬ እዋሻለሁ? ና፣ አንተው ባለህበት ልደውልላቸው።»

ተከታትለው ወጡ። ቢያዝን ሲወጣ እህቱን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ታየች ብቻዋን ቀረች። ከወዲያኛው ቢሮ የስልኩ እጀታ ሲሽከረከር ተሰማ። የቢሻው እናት ቅዳሜ ማታ መንገድ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲነክሱ አይታቸው ነበር፤ አሁን ግን ፊታቸው የእናቷ ፊት ሆነባት። እጇ ከአሳቧ ቀደመ። ቢያዝን አቧራ ሲጠርግ እንደሚያደርገው ማውሷን ገለበጠች፤ ከሆዷ ያለውን ክብ ክዳን ጠመዘዘች። ትንሿ የላስቲክ ኳስ መዳፏ ላይ ወደቀች። ያለ እሷ ቀስቷ ንቅንቅ አትልም። ታየች ክዳኑን መልሳ ገጠመች፣ ኳሷንም በዩኒፎርሟ ኪስ ከተተቻት።

ቢያዝን ተመልሶ መጣ፤ በሩን ቆለፈ። የቁስቋምን ዳገት ተያያዙት።

«መቼ አሉህ?» አለች ታየች።

«ሰኞ።»

«ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ በማግሥቱ አዘዞ ይሰማ ነበር።»

የወታደር መኪና አቧራውን አስነስቶ አለፋቸው። ቢያዝን ወደ አጥሩ ተጠጋ። ታየች አቧራው እስኪያልፍ መታገሥ አቃታት፤ ኳሷን አውጥታ በመዳፉ አስጨበጠችው።

«አትሄድም! እያት፣ የማውሷ ኳስ ናት። ነገ ባለሥዕሉ እምቢ ሲላቸው፣ ወደው ሳይሆን በግዳቸው ጥቁሩን ይመርጣሉ። ያኔ አንተን ይለምናሉ። እኔ ታየች እኮ ነኝ!»

ቢያዝን ኳሷን አገላብጦ አያት። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ቁልቁል ወደ መሥሪያ ቤቱ መውረድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?»

«ቦታዋ ልመልሳት።»

«ከመለስካትማ ትዘምታለህ!» እየሮጠች ክንዱን ያዘችው።

«ካልመለስኳትስ? ‹አሻጥር ነው› ሲሉ የክፍሉን ቁልፍ በማን ኪስ ውስጥ ሊያገኙት ነው፣ የኔ አዋቂ?»