ሰባት የውሸት ራይቶች

«መኪናው ምን አደረገ? እግሬ ነው እንጂ!» አሉ ጡረታ የወጡት አዋላጅ፣ አስፋልቱ ዳር እንደተቀመጡ የተላጠ ጉልበታቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየሸፈኑ።

ፌንጣ ጠዋት የሞላችው የታክሲው ፍተሻ ቅጽ የተያያዘበትን ሰሌዳ ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆማለች። ቤተሰቡ ፌንጣ የሚላት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት ነው፤ አሁን ግን እግሯ ከመሬት ጋር የተሰፋ ይመስላል።

ታላቅ እህቷ እየሮጠች መጥታ አዋላጇ አጠገብ ተንበረከከች። ከጓደኞቿ ጋር ለአዛውንቶች የሚሆን ሾፌር አልባ ታክሲ መሥራት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። «ባለታክሲ ሁሉ ‹እማማ ቶሎ ይበሉ!› እያለ ያዋክባቸዋል፤ የእኛ ማንንም አያዋክብም» ትላለች ለሰማት ሁሉ። እውነትም ተሳፋሪው ሁለቱንም እግሩን አውርዶ በሩ ካልተዘጋ ታክሲው ንቅንቅ አይልም ነበር። ዛሬ ግን አዋላጇ አንድ እግራቸውን አውርደው ሌላውን ሊያስከትሉ ሲሉ ክንድ ያህል ወደፊት ሸተት አለ። እሳቸውም በጉልበታቸው ወደቁ።

እህቷ ቅጹን ተቀብላ አየችው። የኋላ ግራ በር፣ አስር ሙከራ፣ አስር ራይት።

«ፍተሻውስ ልክ ነው» አለችና አብሯት ወደመጣው መካኒክ ዞረች። «ትናንት የገጠምከው የበሩ ሴንሰር ነዋ!»

«በደንብ አጥብቄዋለሁ» አለ መካኒኩ። ቀጥሎ ደግሞ ድምፁ ወረደ። «እንጃ… ያጠበቅሁት መስሎኝ ነው።»

ጠዋት የሆነው ይህ ነው። ታክሲው ከቆመበት ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት፣ ፌንጣ አንድ እግሯን ውስጥ፣ አንዱን ውጪ አድርጋ እስከ ሠላሳ መቁጠር ነበረባት፤ አስር ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ስልኳ ጮኸ። የሒሳብ ውጤት ተለጥፏል። «ሦስቴ የሠራ አራተኛው ላይ ምን ይሆናል?» ብላ የቀሩትን ሰባት ራይቶች በአንድ ትንፋሽ ደረደረቻቸው።

ሦስት ቀን አለፈ። መካኒኩ ያንኑ በር ይፈታል፣ ይገጥማል። ሌላ ጊዜ ባያት ቁጥር «እስቲ ዝለይ!» ይላት የነበረው ሰው አሁን ቀና ብሎም አያያትም። ፌንጣ እራቷን ሳትጨርስ ትነሳለች። እህቷ «አሞሻል እንዴ?» ስትላት «ደክሞኝ ነው» ትላለች።

በአራተኛው ቀን እህቷ «ሂጂና እማማን ጠይቂልኝ» ብላ ላከቻት።

አዋላጇ ጉልበታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ መስኮት ዳር ተቀምጠዋል። ረቡዕ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጤና ጣቢያ ሄደው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶች ጎን ይቀመጡ ነበር።

«ዛሬ አልሄዱም?» አለች ፌንጣ።

«ከእንግዲህ አልመጣም ብያቸዋለሁ። ሰው እግሩ ሲከዳው ማወቅ አለበት፣ ልጄ። ቤቴ ይሻለኛል።»

ፌንጣ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ መልሳ ተነሳች።

«እማማ፣ እግርዎ አልከዳዎትም። እኔ ነኝ» አለች። ስልኩን፣ ሦስቱን ሙከራ፣ ሰባቱን ራይት፣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

አዋላጇ የታሸገ ጉልበታቸውን ዳሰስ አደረጉ።

«ሦስት ቀን ሙሉ ይህን እግሬን ስረግመው ነው የከረምኩት» አሉ።

«ተቀይመውኛል?»

«አዎን፤ ምን እልሻለሁ፣ ተቀይሜያለሁ።» ጠረጴዛውን ሳይደገፉ ተነሱ። እንደ አዲስ ጫማ እግራቸውን እየሞከሩ እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። «እህትሽስ ሰምታለች?»

«አልሰማችም። መካኒኩን ነው የምትወቅሰው።»

አዋላጇ ተነፈሱ። «በይ ሻርፔን አቀብዪኝ፤ አብሬሽ ልሂድ። እኔ ካለሁ አትቆጣሽም።»

ፌንጣ ሻርፑን አነሳችው። በጣቶቿ መሐል ለስላሳ ነበር። አጣጥፋ ወንበሩ ላይ መለሰችው።

«ይቅር፣ እማማ። እርስዎ ካሉ አትቆጣኝም።»

ወርክሾፑ ስትደርስ የበሩ ብሎኖች ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። መካኒኩ በጀርባው ተኝቶ ይሠራል፤ እህቷ ባትሪ ታበራለታለች።

«የምነግርሽ ነገር አለ» አለች ፌንጣ።

እህቷ ፊቷን አይታ ደነገጠች። «ምነው? ነይ፣ ውጪ እናውራ።»

ፌንጣ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«አይ» አለች። «እሱም ይስማ።»