የከድር ሦስተኛ ጥሪ

ጂን በቁርኣን ተጠቅሷልና የለም አልልም፣ ግን ሮቤ ድረስ መጥቶ ከሰው ኮምፒውተር ጋር ጉዳይ አለው የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ በሳቅ ነበር የምሞተው፣ ፕሮግራመር ነኛ፣ እንጀራዬ ስህተት የት እንዳለ ፈልጎ ማግኘት ነው፣ ስህተቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሰው ነው። የማወራላችሁን ባታምኑኝም አልፈርድባችሁም፣ በራሴ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

ነገሩ የሆነው በዚያ በአንድ ለአምስት ዘመን ነው፣ መብራት ሄደ መጣ በሚባልበት፣ የስልክ ኔትወርክ ከከተማ ወጣ ስትል በሚጠፋበት ጊዜ። ያኔ አንድ ላይብረሪ ጽፌ ነበር፣ ላይብረሪ ስላችሁ መጽሐፍ የሚነበብበት ቤት አይደለም፣ ሌላ ፕሮግራመር አንስቶ የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ ማለት ነው። ሥራው ምልክት ማስተላለፍ ነው፣ አንድ ነገር ሲከሰት ምልክት ይላካል፣ ምልክቱን የሚጠብቅ አድማጭ ደግሞ ሰምቶ የታዘዘውን ይሠራል። እኔን ያኮራኝ ግን ሌላ ነው፣ እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ዓይነት አለው። «እርዱኝ» የሚለው ምልክት የሚይዘው የቦታ ስም ብቻ ነው፣ ስሙም እኔ ከመዘገብኳቸው አምስት ቦታዎች አንዱ መሆን አለበት። ከዚያ ውጭ የሆነ ነገር ለአድማጩ የሚያቀብል ኮድ ብትጽፍ ኮምፓይለሩ፣ ያው ኮዱን ፈትሾ ለማሽኑ የሚተረጉመው ማለት ነው፣ እዚያው ይመልስሃል።

የጻፍኩት ለከድር ብዬ ነው። ከድር አብሮ አደጌ ነው፣ የጎባ ልጅ፣ ከጎባ በላይ ሳነቴ ተራራ ላይ የተተከሉትን የዝናብ መለኪያዎች ባትሪ ሊቀይር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻውን በሞተር ይወጣል። እዚያ ላይ ደውሎ መነጋገር የለም፣ በስንት መከራ የምታልፈው አጭር መልእክት ብቻ ናት፣ ስለዚህ አንድ ነገር ቢሆን ስልኩን ይጫናል፣ ሮቤ እኔ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ይጮሃል፣ እኔ መኪና ለምኜ እወጣለሁ። ነፍሱ በኔ ኮድ ላይ ነበረች ማለት ነው።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ይነካና ምልክት ይልካል፣ ኔትወርኩም አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ ያደርሰዋል፣ እኔም ስንት ጊዜ በከንቱ ጎባ ድረስ ሮጬ ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እናቴ በልጅነታችን፣ ሲመሽ ከውጭ ስማችን ከተጠራ፣ ሦስት ጊዜ ሳይደገም አቤት እንድንል አትፈቅድም ነበር፣ «ሰው ከሆነ ይደግመዋል» ትላለች። በእሷ ስስቅ ያደግሁት ሰውዬ፣ አድማጩን ሦስተኛው ምልክት ሲደርስ ብቻ እንዲጮህ አድርጌ ጻፍኩት። ከድር ይሄን ሲሰማ «ያ ናስር፣ አንዴ ጮኼ ብሞትስ?» አለኝ። «አንተን ብሎ ሟች!» አልኩት፣ ተሳሳቅን።

የዚያን ቀን ከድር በጠዋት ወጥቷል፣ ክረምት ነው፣ ጭጋጉ ሮቤ ድረስ ወርዶ የፈረስ ጋሪዎቹ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። እኔ ለባልደረባዬ ለጽጌ ላይብረሪውን እያሳየኋት እጎርራለሁ። ረፋዱ ላይ ስፒከሩ «ጠቅ» አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «ጠቅ»። መብራቱ ነው አልኩ፣ ምሳችንን በልተን ተመለስን።

ልክ አስር ሰዓት ላይ ከስፒከሩ ሰው ሊናገር ሲል ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ያለ ድምፅ ወጣ፣ ወላሂ፣ ጽጌም ሰምታዋለች። ከዚያ ጩኸቱን ለቀቀው። እኔ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ ብዬ «አቤት!» አልኩ። ጽጌ «ለኮምፒውተር አቤት ይባላል እንዴ?» ብላ ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው።

ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ተደርድሯል። አምስት ሰዓት ከሩብ፣ እርዱኝ፣ ሳነቴ። አምስት ተኩል፣ እርዱኝ፣ ሳነቴ። አስር ሰዓት፣ እርዱኝ፣ ቤት።

«ቤት» የሚባል ቦታ መዝግቤ አላውቅም! በምን በኩል ይገባል? ስልኩ ላይ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ጎባ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ፣ ወደ ሳነቴም መንገዱ በዚያው ነው።

እነከድር ደጅ ስደርስ ጀናዛው ሊወጣ ሰው ቆሟል። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አባቱ ኦቦ ጀማል አቅፈውኝ ነገሩኝ፣ ሞተሩ ተገልብጦ እግሩን ተጭኖት፣ ዝናቡና ብርዱ ሲፈራረቁበት፣ ከብት ጠባቂዎች ሰባት ሰዓት ላይ ሲደርሱ ነፍሱ ወጥታለች፣ በጭነት መኪና አወረዱት። ቶሎ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር አሉ። ስልኩን በላስቲክ ይዘውታል፣ ለሁለት ተሰብሮ ውሃ ጠጥቷል።

«ልጄ፣ ላንተ አልላከም?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። «አንድ ጊዜ ልኳል» አልኳቸው፣ «አስር ሰዓት ላይ።»

«አስር ሰዓት ላይማ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እዚሁ ቤት ውስጥ እኔው ራሴ እያጠብኩት ነበር።»

ኮዱን መስመር በመስመር ፈትሼዋለሁ፣ ጽጌም ፈትሻዋለች፣ «ቤት» የሚል ቃል የትም የለም። ያ ምልክት ከማን እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ማንን አቤት እንዳልኩም አላውቅም። ኦቦ ጀማል ሮቤ ገበያ ሲመጡ አሁንም ቢሮዬ ጎራ ይላሉ፣ ቁጭ ብለው «እንዴት ሆነ? ደረስክበት?» ይሉኛል፣ እኔም «እየፈለግኩ ነው አባባ» እላቸዋለሁ። የሚጠይቁኝ ስለዚያች ስለ አስር ሰዓቷ ነው። ልጃቸው ነፍሱ ሳትወጣ ሁለት ጊዜ እንደጠራኝ ግን አልነገርኳቸውም።