የአመዷን ንግሥት ማን ይግደላት?

ጦልሃን የወደድኩት ዝም ማለት ስለሚችል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ዝም የሚል ወንድ ማግኘት በሰኔ ወር ጃኬት የሚሸጥ ሱቅ እንደማግኘት ነው።

ፋርሒያ እባላለሁ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ፣ ቻርጀርና ከቨር እሸጣለሁ። ሱቄ ሦስት ሰው ካስገባች አራተኛው ውጭ ይቆማል። ግን የኔ ናት። ዩኒቨርሲቲ የምማረውን የመረጠልኝ አባቴ ነው። መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስል ደግሞ ወንድሜ አብዲቃድር «እኔ እያለሁ ምን ቸገረሽ? የምትሄጂበት አደርስሻለሁ» አለኝ። ሁሉም በፍቅር ነው፣ አልዋሽም። በፍቅር ሲጨርሱልኝ አደግኩ። ማንም ሳይነካልኝ ያቆምኩት ሱቄን ብቻ ነው።

ሱቄንና አንድ ጌም።

ቀትር ላይ ድሬ ትዘጋለች። ፀሐይዋ አናት መብሳት ስትጀምር ነጋዴው መዝጊያውን አውርዶ ግማሹ ወደ ጫት በርጫው፣ ግማሹ ወደ እንቅልፉ ይሄዳል። እኔ ቬንትሌተሩን ወደ ፊቴ አዞርና በእጅ የምትያዘዋን ጌሜን አወጣለሁ። የጃፓን ጨዋታ ነው። አራት ጀግኖች አገር ለአገር እየዞሩ ጭራቅ ይዋጋሉ፤ መጨረሻ ላይ የአመድ ንግሥት የምትባል ክፉ ትጠብቃቸዋለች።

ጀግኖቹ ባሸነፉ ቁጥር ሌቨላቸው ያድጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ምን ያደርጋል፣ ጫካ ይገባና ያንኑ አንድ ጭራቅ እየደጋገመ ሲገድል ይውላል። ግራይንድ ይሉታል። እሱም የሰለቸው «አውቶ» የምትለዋን ቁልፍ ይጫንና ማሽኑ ሲዋጋለት ሻዩን ይጠጣል። ጀግኖቹ ጎልምሰው ሲወጡ ንግሥቲቱ ምን አቅም አላት? እንደ ዝንብ ይመቷታል።

እኔ እንደዚያ አልወድም። ጨዋታውን ሃርድ የሚባለው ከባዱ ደረጃ ላይ አድርጌ፣ ጀግኖቼን ሌቨል አስራ ስምንት ላይ አስቁሜ፣ በብልሃት ብቻ ልጥላት ነበር ሐሳቤ። ከረመዳን በፊት ጀምሮ ሁልጊዜ ትገድለኛለች። በየጊዜው ግን ከበፊቱ ትንሽ ዘግየት ብላ።

ጦልሃ የመጣው በእንዲህ ያለ ቀትር ነው። በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳል፤ እናቱ ገጠር፣ ዋሂል ነው የምትኖረው። የተሰባበረ ስልክ ይዞ በግማሽ የወረደውን መዝጊያዬን አንኳኳ።

«ዝግ ነው» አልኩት ቀና ሳልል።

«እጠብቃለሁ» አለ።

በዚያች ደቂቃ ንግሥቲቱ ሦስቱን ጀግኖቼን ጥላብኝ ነበር። ደፉ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ወንድ ቢሆን «እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አድርጊ፣ እስቲ ስጪኝ» ይለኝ ነበር። እሱ ዝም ብሎ አየኝ። ስሸነፍ ብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ «ነገም ትሞክሪያለሽ?» አለኝ።

ያኔ ቀና አልኩ። ዓይኑን አልመለሰም፤ እኔም አልመለስኩም። ስልኩን ሠራሁለት። በማግስቱ ምንም ያልሆነ ቻርጀር ይዞ «አይሠራም» ብሎ መጣ።

ከዚያ በኋላ ከጅቡቲ በተመለሰ ቁጥር ቀትሩ የኛ ሆነ። ሰው እንዳያማን መዝጊያውን ግማሽ እንከፍታለን፤ ጎረቤቴ አባያ ሻጯ ዱኒያ ደግሞ ሳምቡሳዋን ይዛ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ትቀመጣለች። እሱ የመንገዱን ወሬ ያወራኛል፣ እኔ ስልክ እፈታለሁ። አንዳንዴ ሁለታችንም ዝም እንላለን፤ ያን ጊዜ ዱኒያ ወደ ውስጥ አንገቷን ታስገባና «አላችሁ?» ትለናል።

«ስመለስ አርብ ሽማግሌ እልካለሁ» ያለኝ አንድ ቀን ስልክ እየፈታሁ ነው። ብሎኑ ከእጄ ወደቀ። አብረን ስንፈልግ ቆየን፤ ማናችንም ለማግኘት አልቸኮልንም።

በዚያው ሳምንት ንግሥቲቱ አንድ ምት ብቻ ቀርቷት እያለ ገደለችኝ። ጌሙን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬ «ደክሞኛል» አልኩ። እንባዬም መጣ። ለጌም የምታለቅስ ሴት ካላያችሁ እንግዲህ እዩኝ። ጦልሃ ጌሟን ከጠረጴዛው አነሳት። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ እንደሚሰለቸው ስለማውቅ «በል ውሰዳት፣ ለጊዜው ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ጊዜ ግደልባት» ብዬ ሰጠሁት።

ሲመለስ ፊቱ ከስሎ፣ ከንፈሩ በሙቀት ተሰነጣጥቆ ነበር። ግን እንደ ልጅ ደስ ብሎታል።

«ክፈቻት እስቲ» አለኝ።

ከፈትኳት። ጀግኖቼ ሌቨል ሰባ ሆነዋል። ሌላ ሰው መስለው ቆመዋል፣ የማላውቀው ጋሻና ሰይፍ ይዘው። ጨዋታዬን ሴቭ የማደርገው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱን በዚያው ላይ ደርቦ አስቀምጦበታል። የድሮዎቹ ጀግኖቼ የሉም።

«አሁን በአንድ ምት ትጥያታለሽ» አለ።

«ማን አድርግ አለህ?»

ፈገግታው ጠፋ። «ደክሞኛል አላልሽም?»

«አንተ አውቶ ተጭነህ ጥላ ሥር ተኝተሃል፣ እኔ ከረመዳን በፊት ጀምሮ የለፋሁበት ጠፋ።»

ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ያ የወደድኩት ዝምታ በዚያ ሰዓት አንገበገበኝ።

«አንተም እንደነሱ ነህ» አልኩት። «ዛሬ ጌሙን ጨረስክልኝ፣ ነገ ደክሞሻል ብለህ ሱቄን ትዘጋልኛለህ። እኔ እንዲህ መኖር አልችልም። ሽማግሌህን አትላክ።»

«እሺ» አለና ወጣ። ልቤ ተከትሎት ወጣ፤ እግሬ ግን አልተነሳም።

ዱኒያ ሁሉን ሰምታለች። «ተይ አቦ! በጌም የተነሳ ባል የምትመልስ ሴት ከዚህ እስከ ሁርሶ ብትፈለግ አንቺን ብቻ ነው የምናገኘው» አለችኝ።

«ጌሙ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የኔን ሌላ ሰው ሲጨርስልኝ አልወድም።»

«እሱ መቼ ጨረሰ? ማሽኑ ነው ያልሽው። በማሽኑ ፍረጂ» ብላ አባያዋን ልትሰቅል ሄደች።

በማግስቱ ቀትር ብቻዬን ተቀምጬ ያ ንግግሯ እረፍት ነሳኝ። ሃርድ ላይ አውቶ መጫን ማለት እኮ ራስን መግደል ነው። ማሽኑ ቁስለኛ አያክምም፣ መሸሽ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይመታል። ሌቨል አስራ ስምንት ያለ ጀግና በአውቶ ጫካ ቢገባ የመጀመሪያው ጭራቅ ይበላዋል። ይሄን እኔ አላውቅም? ንዴት አስረሳኝ እንጂ። ጦልሃ ማሽኑን ላሠራው ቢል እንኳ አይችልም ነበር።

ስለዚህ በእጁ ነው። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ በዚያ የወደብ ሙቀት መኪናው ሥር ተቀምጦ፣ እያንዳንዷን ውጊያ በጣቱ ተዋግቷል። እየሞተ፣ እንደገና እየጀመረ። አሳዘነኝ። ንዴቴ ግን አልሄደም። ሁለቱም ደረቴ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

መዝጊያውን ጥዬ ባጃጅ ያዝኩና መኪናውን የሚያሠራበት ጋራዥ ሄድኩ። መኪናው ሥር ተኝቶ ግሪስ ሲቀባ አገኘሁት። ከእግሩ ሌላ የሚታይ የለም። ከእግሩ ጋር ማውራት ቀለለኝ።

«በእጅህ ነው የተጫወትከው?»

እግሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። «በምን ልጫወት ኖሯል?»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ተናደሽ ነበር። የተናደደ ሰው ፊት ልፋት አይቆጠርም።»

«ጌሙ ደስ ብሎህ ነው?»

ከሥር ወጥቶ ተቀመጠ። ግንባሩ ላይ ግሪስ አለ። «ወላሂ ይሰለቻል። ያን እንቁራሪት የሚመስለውን አረንጓዴ ስንቴ እንደገደልኩት አላህ ይወቀው። መጨረሻ ላይ አዘንኩለት።»

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አልሳቀም፤ ፊቴን እየተመለከተ ፍርዱን ይጠብቃል።

«ጦልሃ፣ ደክሞኛል ስልህ ጌሙን ተቀበለኝ ማለቴ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ማለትሽ ነው?»

«ደክሞኛል ማለቴ ነው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «እኔ የምወደው ሰው ሲደክመው ሸክሙን ነው የማነሳለት። ሌላ መውደድ አላውቅም፣ ፋርሒያ። ያሳደጉኝም ሌላ አላሳዩኝም።»

«ሸክም ሌላ ነው። ውሃ ጀሪካን ከያዝኩ አንሳልኝ፣ ማን ከለከለህ? የኔ የሆነው ነገር ሲከብደኝ ግን አጠገቤ ተቀመጥ።»

«ዝም ብዬ?»

«ዝም ብለህ።»

«ስትወድቂም እያየሁ?»

«እያየህ።»

«ይሄ ወደ ጅቡቲ ከሚወስደው የደወሌ መንገድ ይከብዳል» አለ።

እሺ ብሎ ቶሎ ቢምልልኝ ኖሮ አላምነውም ነበር። ይከብዳል ስላለኝ አመንኩት።

«አርብ ላካቸው» አልኩት።

አርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ሽማግሌ ሲናገር አግቢው አይገኝም፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ግን ሽማግሌዎቹን በሰው መኪና ያመጣቸው እሱ ራሱ ነበርና አባቴ «ልጁን ፀሐይ ላይ አታቁሙት» ብሎ በሩ ጥግ አስቀመጠው። እኔና እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ነን። የሽማግሌዎቹ አለቃ የጦልሃ አጎት ወርሳሜ ነው፤ ለሽምግልና የተፈጠረ ሰው፣ ነገር ማክረር አያውቅም። አባቴ ውሃ ቢጠይቀው ማር ይሰጠዋል።

ሁሉም በሰላም ሄደ። ከዚያ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄን አልከለክላችሁም። ሱቁን ግን ከኒካህ በኋላ አብዲቃድር ይረከባል። ያገባች ሴት ቀኑን ሙሉ ገበያ ውስጥ ምን ትሠራለች? ብዙ ለፍታለች፣ ትረፍ።»

«መልካም ብለሃል» አለ ወርሳሜ። «ይሄማ ምን ያጣላናል...»

እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። አልቻለችኝም። መጋረጃውን ገልጬ ሽማግሌ ፊት ቆምኩ።

ጦልሃ ከመቀመጫው ብድግ አለ። አፉ ተከፍቷል፣ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ «ሱቁ ይቆይላት» ሊል ነው። ቢል ኖሮ አባቴ ለወንድ ልጅ ቃል ሲል እሺ ይል ይሆናል፣ ሱቁም የባሌ ስጦታ ይሆናል። ዓይናችን ተገናኘ። ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጨምቆ ያዛቸው፤ ጅማቱ እስኪታይ።

«አባ» አልኩ። ቀና ሲል ቀጠልኩ። «አባ፣ ሱቁ የኔ ነው። አብዲቃድርን እወደዋለሁ፣ ግን ቻርጀር ከኢርፎን አይለይም። ማረፍ ስፈልግ እኔ ራሴ ዘግቼ አርፋለሁ። ለማንም አላስረክብም።»

«በሽማግሌ ፊት?» አለ አባቴ።

«ሽማግሌ ፊት ካልሆነ የት ትሰማኛለህ? ቤት ውስጥ እሺ እሺ ትለኝና ነገሩን ጨርሰህ ትጠብቀኛለህ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው። አባቴ ከኔ ፊቱን አዙሮ በሩ ጥግ ያለውን አየ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

ጦልሃ እጆቹን ከጉልበቱ ሳያነሳ፣ «እሷን ጠይቃት» አለ።

አባቴ ወደኔ ተመለሰ። ሲያየኝ ቆየ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የሚያየው ሊሰጠኝ ያሰበውን ነበር።

«ኪራዩን ማን ይከፍላል?»

«እኔ ነኝ የምከፍለው። እስከ ዛሬስ ማን ከፍሎልኝ ያውቃል?»

«ልጅ ስትወልጂስ?»

«ያኔ ልጄን ይዤ ሱቄ ታገኘኛለህ፣ ናና ጠይቀኝ።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ወሰደ። ከዚያ ለጦልሃ፣ «ይህን ምላስ ሰምተሃል። ትችላታለህ?» አለው።

«አልችላትም» አለ ጦልሃ።

ወርሳሜ ግንባሩን ያዘ። አባቴ ግን ሳቀ። ጢሙ እስኪርገበገብ ሳቀና መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ «በሉ እንዳለችው ይሁን፣ ፋቲሃ ይቀራ» አለ። እኔም እዚያው፣ ወንዶቹ መሃል ቆሜ፣ መዳፌን ዘረጋሁ።